የኮሎራዶ አውራ ጎዳናዎች፦ ሊማሊሞን የሚያውቅ ሹፌር ግምገማ

ከጎንደር ሄደው በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የሰፈሩ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች በከተማችን ጥቂት አይደሉም። ዴንቨርና ከጎኗ የተያያዘችው አውሮራ የሐበሻ ምግብ ቤትም ቤተ ክርስቲያንም አላቸው፤ ከልጆቹም ብዙዎቹ ታክሲ ወይም ከባድ የጭነት መኪና በመንዳት ይተዳደራሉ። ልጁን ሊጠይቅ የሚሄድ ወላጅ ስለ ቪዛው፣ ስለ በረራውና ስለ ብርዱ በቂ ምክር ያገኛል፤ ስለ መንገዱ ግን «አሜሪካ አይደል እንዴ፣ መንገዱ ምን ይወጣለታል!» ከሚል ቃል በቀር የሚነግረው የለም። እኔ በጎንደር፣ ደባርቅና ሽሬ መስመር ለብዙ ዓመት ጭነት ያመላለስሁ ሰው ስለሆንሁ፣ በኮሎራዶ የነበረኝን የመኸር ወቅት ቆይታ ከዘመድ ጥየቃው ባሻገር መንገዱን ለማየት ተጠቅሜበታለሁ። ይህ ጽሑፍ የግዛቱን አውራ ጎዳናዎች እንደ አንድ አገልግሎት ቆጥሮ ጥቅማቸውን፣ ዋጋቸውንና ጉድለታቸውን ይመዝናል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ የኮሎራዶ መንገድ ትልቁ ብቃቱ አስፋልቱ አይደለም፤ አስፋልቱማ ብዙ ቦታ የተሰነጣጠቀና የተለጣጠፈ ነው። ብቃቱ ሹፌሩን አስቀድሞ ማናገሩ፣ ሰው ሊዘናጋ መኪናም ሊበላሽ እንደሚችል ታስቦ መሠራቱ፣ ሲያስፈልግም ያለ ይሉኝታ መዘጋቱ ነው።

በግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሥር ያለው መንገድ ርዝመት ወደ 14,600 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ድልድዮቹም ከ3,400 በላይ ናቸው። የዚህ ሁሉ አከርካሪ ሦስት ታላላቅ ኢንተርስቴቶች፣ ማለትም ግዛትን ከግዛት የሚያገናኙ አውራ ጎዳናዎች ናቸው። ኢንተርስቴት 25 በደቡብ ከኒው ሜክሲኮ ተነሥቶ ፑዌብሎን፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስንና ዴንቨርን አቋርጦ ወደ ዋዮሚንግ ይወጣል። ኢንተርስቴት 70 ከዩታ ጠረፍ እስከ ካንሳስ ጠረፍ ግዛቱን ለሁለት ሰንጥቆ ወደ 720 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ኢንተርስቴት 76 ደግሞ ከዴንቨር ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ነብራስካ ያቀናል። ጎዶሎ ቁጥር የያዘ መንገድ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ሙሉ ቁጥር የያዘ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንደሚሄድ አንድ ጊዜ የተረዳ እንግዳ አቅጣጫው ብዙም አይጠፋበትም። የመውጫዎቹ ቁጥርም ተራ ቁጥር ሳይሆን የርቀት ቁጥር ነው፤ በኢንተርስቴት 70 ላይ መውጫ 205 ማለት ከዩታ ጠረፍ 205 ማይል ላይ ያለ መውጫ ማለት ስለሆነ፣ መኪናው የተበላሸበት ሰው ለእርዳታ ሲደውል «ከትልቁ ዋርካ አለፍ ብሎ» እያለ ማስረዳት አይጠበቅበትም።

ከዴንቨር በስተ ምሥራቅ ያለው ሜዳ ለግምገማ ብዙም የሚሰጥ ነገር የለውም። እስከ ካንሳስ ድረስ ስንዴና የግጦሽ ሣር ነው፤ በሰዓት 75 ማይል፣ ማለትም 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈቀዳል፤ የሹፌሩ ጠላትም እንቅልፍና ነፋስ ናቸው።

የእኛ አገር ሹፌር ዓይኑን የሚገልጠው ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ስለምትገኝ ከጎንደር ዝቅ ያለች ናት፤ ከዚያ ተነሥቶ ግን ኢንተርስቴት 70 እየወጣ አይዘንሃወር ከሚባለው ዋሻ ይደርሳል። የዋሻው ምዕራባዊ አፍ 3,401 ሜትር ላይ ነው። ስሜን ተራሮችን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ከሳንቃበር በላይ ከጨነቅ በታች ማለት ነው፤ ልዩነቱ በእኛ በኩል በዚያ ከፍታ የሚሄደው የጠጠር መንገድ ሲሆን፣ በእነርሱ በኩል ባለ አራት ረድፍ አስፋልት መሆኑ ነው። ዋሻው ሁለት ቀዳዳ ሲሆን እያንዳንዱ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ወደ ምዕራብ የሚወስደው እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚህ አቆጣጠር ናቸው) በመጋቢት 1973 ተከፈተና በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ስም ተጠራ፤ ወደ ምሥራቅ የሚመልሰው በታኅሣሥ 1979 ተጠናቀቀና የግዛቱ ገዥና የምክር ቤት አባል በነበሩት በኤድዊን ጆንሰን ስም ተሰየመ። ከመጀመሪያው ቀዳዳ ቁፋሮ ጋር የሚነሣ አንድ ታሪክ አለ። ጃኔት ቦኔማ የተባለች የምሕንድስና ባለሙያ ለሥራው ተቀጥራ ሳለ፣ «ሴት ከዋሻ ከገባች መዓት ይመጣል» በሚል የቆፋሪዎች እምነት ምክንያት መግባት ተከለከለች፤ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አድርሳ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1972 ስትገባ ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ሥራ ጥለው ወጡ። እንዲህ ያለ እምነት የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር።

ዋሻው እንደ አገልግሎት ሲታይ ምስጋና ይገባዋል። የመኪናውን ጭስ የሚያወጡ ግዙፍ ማራገቢያዎች አሉት፤ ቀንና ሌሊት የሚጠብቁት ሠራተኞችም አሉ። ቁመቱ ከ13 ጫማ ከ11 ኢንች፣ በእኛ አለካክ ከ4.2 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ጭነት የያዘ መኪና ሲቃረብ መሣሪያው ለይቶት መብራቱ ያስቆመዋል። ነዳጅና ሌላ አደገኛ ጭነት የያዙ መኪኖች በዋሻው አያልፉም፤ በድሮው መንገድ 3,655 ሜትር ከፍታ ባለው በላቭላንድ መተላለፊያ ዞረው ይሄዳሉ፤ መተላለፊያው በበረዶ ሲዘጋ ብቻ ሌላው መኪና ቆሞ እነርሱ ተለይተው በዋሻው እንዲያልፉ ይደረጋል። የነዳጅ ቦቴ ሹፌር ግን በዚህ ደስ የሚለው አይመስለኝም፤ ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ የሆነው ጭነት ከሁሉ ይበልጥ አስቸጋሪ በሆነው ጥምዝ እንዲሄድ ተፈርዶበታል። በሕጉ ውስጥ ያለው ስሌት ይገባኛል፤ በዋሻ ውስጥ የሚነሣ እሳት ብዙ ሰው ይፈጃል። ቢሆንም ሸክሙን የሚሸከመው ያው ሹፌሩ ነው።

ወደ ቁልቁለቱ ልመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እዚያ ነውና። ከዋሻው ምዕራባዊ አፍ እስከ ሲልቨርቶርን ከተማ ወደ 13 ኪሎ ሜትር የሚሆን ተከታታይ ቁልቁለት አለ፤ ዝቅታውም በመቶ 7 ይደርሳል። ለሊማሊሞ ሹፌር በመቶ 7 ብዙም የሚያስፈራ ቁጥር አይደለም። ልዩነቱ የሊማሊሞ ጥምዝ ራሱ መኪናውን የሚያዘገየው መሆኑ ነው፤ በየኩርባው ማርሽ ትቀንሳለህ፣ ትዞራለህ፣ ትተነፍሳለህ። በኮሎራዶ ግን መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ 36 ቶን የጫነ መኪና ሳይታወቀው ይፈጥናል፤ የሚያታልለውም ይኸው ምቾቱ ነው። በዚህ መስመር የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ከጎኑ አስቀምጦ ወስዶኝ ነበር። ከዋሻው ሳይወጣ ማርሹን ቀነሰ፤ የሞተር ፍሬኑን ከፈተ፤ እግሩንም ከፍሬኑ ላይ አንሥቶ መኪናው በራሱ ጉርምርምታ እንዲወርድ ተወው። «ጋሼ፣ ማርሽ ያስተማረኝ ሊማሊሞ ነው፤ እዚህ የጨመሩልኝ ጽሑፉን ብቻ ነው» አለኝ።

ጽሑፉ ያለው በመንገዱ ዳር ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ለከባድ መኪና የሚፈቀደው ፍጥነት ተለይቶ ይነገራል፤ ቁልቁለቱ ስንት ማይል እንደሚቀጥልና የፍሬን ማምለጫው ስንት ማይል ላይ እንደሚገኝም ተጽፏል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ከተራራው ወደ ዴንቨር ሲወረድ ያለው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ነው። በዚያ በኩል የሚወርድ ሹፌር ሜዳውንና ከተማውን አሻግሮ ሲያይ ተራራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ሰሌዳው ልክ በዚያች ቅጽበት ብቅ ብሎ ለከባድ መኪና ሹፌሮች «እንዳትታለሉ፤ ቁልቁለቱና ኃይለኛው ኩርባ ገና 4 ማይል ይቀራል» ይላል። ዝቅ ብሎ ሌላው ሰሌዳ «ገና ወርዳችሁ አልጨረሳችሁም» ብሎ የቀረውን አንድ ማይል ተኩል ያስታውሳል። ይህን የጻፈ ሰው የሹፌርን ልብ ያውቃል። በእኛ በኩል ከሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርድ አዲስ ሹፌር ቆላው ሲታየው እግሩ የሚላላው በዚሁ ዓይነት ነው፤ ያንን የሚነግረው ግን ሰሌዳ ሳይሆን፣ ካለው፣ ነባር ረዳቱ ነው።

ፍሬን ለበጠሰ መኪና የተሠራው ማምለጫ ለብቻው መነገር አለበት። ከዋሻው በስተ ምዕራብ ባለው ቁልቁለት ሁለት አሉ። እያንዳንዱ ከአውራ ጎዳናው በስተ ቀኝ ተገንጥሎ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ልል ጠጠር በጥልቀት የተሞላበት ሰፊ ቦይ ነው፤ መኪናው ሲገባበት ጎማው በጠጠሩ ውስጥ ይሰምጣል፣ ዳገቱም ኃይሉን ይበላዋል፣ ሳይገለበጥም ይቆማል። ባለፍንበት ዕለት በታችኛው ማምለጫ ውስጥ ሁለት ጥልቅ ትልሞች ይታዩ ነበር፤ ትልሞቹ ከመግቢያው በቀጥታ ተነሥተው ወደ መካከሉ ሲደርሱ እየጠለቁ ሄደው፣ የመኪናው ሆድ ጠጠሩን የላጨበት ቦታ ላይ ያቆማሉ። አንድ ሰው እዚያ ቦታ በሕይወት ተርፏል። ማምለጫውን በመጠቀሙ አይቀጣም፤ መኪናውን ጎትቶ የማውጣቱ ወጪ ግን የባለ መኪናው ነው። በዚህ ወጪ ምክንያት ወደ ማምለጫው ለመግባት የሚያመነታ ሹፌር አይጠፋም፤ እኔ ብሆን ኖሮ ሕይወት ላተረፈ አገልግሎት የመጎተቻውን ሒሳብ ግዛቱ እንዲከፍል አደርግ ነበር። ይህም ሆኖ ማንኛውም ፍሬን ተበጥሶበት የሚያውቅ የእኛ ሹፌር፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ዘሎ በወረደበት ጊዜ ምን እንደተመኘ ያስታውሳል።

ክረምቱ ሌላ ምዕራፍ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 31 በእነርሱ አቆጣጠር፣ በኢንተርስቴት 70 ላይ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው ተራራማ ክፍል የሚሄድ የንግድ ከባድ መኪና የጎማ ሰንሰለት ይዞ መገኘት ግዴታው ነው። የቤት መኪናም ብትሆን ለበረዶ የሚስማማና ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሊኖራት፣ አለበለዚያ ሰንሰለት ወይም ጥርሱ ካላለቀ ጎማ ጋር የአራት ጎማ ጉልበት ሊኖራት ይገባል። ያለ በቂ ጎማ ገብቶ መንገድ የዘጋ ባለ ትንሽ መኪና ከ650 ዶላር በላይ፣ ሰንሰለት ሳያስር መንገድ የዘጋ ባለ ከባድ መኪና ከ1,000 ዶላር በላይ ይቀጣል። ከጎንደር የሚሄድ እንግዳ መኪና ከተከራየ ይህን ልብ ሊለው ይገባል፤ የኪራይ መኪና ጎማ ለበረዶ የተዘጋጀ ላይሆን ይችላል፣ ቅጣቱ ግን ለአከራዩ አይደለም።

መንገዱ ሲዘጋም በሥርዓት ነው። በመግቢያዎቹ ላይ እንደ ኬላ የሚወርድ የብረት በር አለ፤ የበረዶ ናዳ ሊመጣ ሲል የግዛቱ የናዳ ጥናት ማዕከል ባለሙያዎችና የመንገድ ሠራተኞች ተነጋግረው መንገዱን ይዘጋሉ፣ በረዶውን ራሳቸው በፈንጂ ያወርዱታል፣ ጠርገው መልሰው ይከፍታሉ። የት ቦታ እንደተዘጋ፣ ለምን እንደተዘጋ፣ በካሜራም ምን እንደሚመስል ኮትሪፕ በሚባለው የግዛቱ ድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያ ላይ ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ማየት ይችላል። በእኛ አገር ከኩርባው ወዲያ የተበላሸ መኪና መኖሩን የሚነግረን አስፋልቱ ላይ የተጣለ ቅጠልና የተደረደረ ድንጋይ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው፣ ብዙ ሰውም አድኗል፤ ግን የሚናገረው ደርሰህ ስታየው ነው። የኮሎራዶው ከአውሮራ ሳትነሣ ይነግርሃል። በእኛ በኩል መንገድ የሚዘጋበት ምክንያት የክረምት ናዳ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል፤ ያ ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

ይህን ሁሉ ካመሰገንሁ በኋላ ዋናውን ድክመት ልናገር። ግዛቱ ምሥራቁንና ምዕራቡን የሚያገናኝበት እውነተኛ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱ ሲዘጋ ሁሉም ነገር ይቆማል። ግሌንውድ ካንየን ለዚህ ምስክር ነው። ይህ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የኮሎራዶ ወንዝ ጠባብ ሸለቆ በግራና በቀኝ ገደል ስለሆነ መንገዱን ለማስገባት 12 ዓመት የፈጀ ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1992 ሲጠናቀቅ 40 የሚሆኑ ድልድዮችና ተንጠልጣይ መንገዶች ነበሩት፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ብዙ ቦታ ላይ ወደ ምሥራቅ ከሚሄደው በላይ ከፍ ብሎ በአምዶች ላይ ተቀምጧል፣ ባቡሩ ከወንዙ ማዶ ያልፋል፣ ለብስክሌተኛና ለእግረኛም ከውኃው ዳር የተለየ መንገድ ተተውሎታል። ገደሉን እንደ ልባቸው በድማሚት ከማፍረስ ይልቅ መንገዱን ከገደሉ ቅርጽ ጋር ያስማሙት መሆኑ ለዓይን ግልጽ ነው። ሥራው ድንቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን መሐንዲስ ብቻውን የሚያቆመው አይደለም። በነሐሴ 2020 በሸለቆው ላይ ትልቅ የደን ቃጠሎ ተነሣ፤ ዛፉና ሣሩ ሲያልቅ አፈሩ የሚይዘው አጣ፤ በሐምሌ 2021 ዝናብ ሲመጣ ጭቃውና ቋጥኙ መንገዱ ላይ ወረደና ሁለት ሳምንት ያህል ዘጋው። በዚያ ጊዜ የነበረው ምርጫ በክሬምሊንግ፣ በስቲምቦት ስፕሪንግስና በክሬግ ዞሮ በራይፍል መመለስ ነበር፤ ይህም በሰዓታት የሚቆጠር ጭማሪ ነው። የተራራው ደን ሲመነጠር መንገዱ አብሮ እንደሚሄድ በወገራና በደባርቅ ያለ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሀብታም አገርም ከዚህ አያመልጥም።

ሁለተኛው ድክመት መጨናነቅ ነው። ቅዳሜና እሑድ በተለይም በበረዶ ሸርተቴ ወቅት ዴንቨር ሙሉዋን ወደ ተራራው ትወጣና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙሉዋን ትመለሳለች። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በአይዳሆ ስፕሪንግስ አካባቢ የመንገዱን ትከሻ በሚጨናነቅበት ሰዓት ብቻ እንደ ተጨማሪ የክፍያ መስመር መክፈት ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው በ2015፣ ወደ ምዕራብ የሚወስደው በ2021 ሥራ ጀመረ። ዋጋው መጨናነቁ ሲበዛ ይጨምራል። ከፍሎ የሚያልፍ ያልፋል፤ ያልከፈለው ቆሞ ያየዋል።

እንዲህ ያለ የክፍያ መስመር ለምን እንደበዛ ለመረዳት የገንዘቡን ምንጭ ማወቅ ይጠቅማል። በእኛ አገር የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ሽያጭ ገቢ እንደሚያገኝ ሁሉ፣ በኮሎራዶም ዋናው ገንዘብ የሚሰበሰበው ከነዳጅ ነው። የግዛቱ የቤንዚን ታክስ በአንድ ጋሎን፣ ማለትም በ3.8 ሊትር ገደማ፣ 22 ሳንቲም ነው፤ ይህ ቁጥር ደግሞ ከ1991 ጀምሮ ከፍ አላለም። የሲሚንቶውና የአስፋልቱ ዋጋ እየጨመረ፣ መኪናው ነዳጅ ቆጣቢ እየሆነ፣ ሕዝቡም እየበዛ ሲሄድ 22 ሳንቲም ግን 22 ሳንቲም ሆኖ ቀረ። በ1992 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው የግዛቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያለ ሕዝበ ውሳኔ ታክስ መጨመርን ይከለክላል፤ በ2018 ለመንገድ ገንዘብ ለማግኘት የቀረቡት ሁለት ሐሳቦችም በመራጩ ውድቅ ተደረጉ። በ2021 የወጣው ሕግ «ታክስ» ሳይሆን «የአገልግሎት ክፍያ» እየተባለ በነዳጅ ላይ ጥቂት ሳንቲሞችን፣ ቤት ድረስ በሚመጣ ዕቃ ላይ ደግሞ ሲጀመር 27 ሳንቲም ጨመረ። በመግቢያዬ ላይ የጠቀስሁት የአስፋልት ስንጥቅና ልጥፍ ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም፤ በእርግጥ በረዶው ውኃ ሆኖ በስንጥቁ ገብቶ፣ ሌሊት ሲረጋ እየፈነቀለው መሆኑም መረሳት የለበትም።

ስለ ክፍያ መንገድ ለእንግዳ የሚሆን ማሳሰቢያ አለኝ። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ እንደሚያልፈው ኢ-470 ባሉት የክፍያ መንገዶች ላይ እንደ አዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ቆመህ ገንዘብ የምትከፍልበት ኬላ የለም፤ ካሜራ ታርጋውን ያነሣና ሒሳቡ በፖስታ ይላካል። ፍጥነቱ ግሩም ነው፤ ግን ዋጋውን ሳታውቅ ትጠቀማለህ። እኔ መኪና የተከራየሁበት ድርጅት የመንገዱን ክፍያ ብቻ ሳይሆን የራሱን የአገልግሎት ጭማሪ ለእያንዳንዱ ቀን አክሎ ከሄድሁ በኋላ ለአክስቴ ልጅ ላከበት፤ ጭማሪው ከመንገዱ ዋጋ ይበልጥ ነበር። በስልኩ ካርታ ላይ «የክፍያ መንገድ ይቅር» የሚለውን መምረጥና ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ አውሮራ በኢንተርስቴት 70 እና 225 መሄድ ይህን ያስቀራል። የሚጨምረው ጊዜ፣ ከመጨናነቂያው ሰዓት ውጪ፣ ይህን ያህል አይደለም።

በዴንቨር ከተማ ውስጥ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ኢንተርስቴት 25 እና 70 የሚገናኙበት ቦታ በነዋሪው ዘንድ «የአይጥ ወጥመድ» ይባላል፤ በ1984 የባሕር ኃይል ቶርፔዶ የጫነ መኪና እዚያው ተገልብጦ ከተማዋን ያስጨነቀ ጊዜም ነበር። ከዚያ በስተ ምሥራቅ በ1964 በሰፈር መካከል በአምድ ላይ የተሠራው የኢንተርስቴት 70 ተንጠልጣይ መንገድ ፈርሶ፣ መንገዱ ከመሬት በታች ዝቅ እንዲል ተደርጎ፣ ከላዩ ላይ ከትምህርት ቤት አጠገብ የሕዝብ መናፈሻ ተሠርቶበታል። ሰፈሩ ለሁለት የተከፈለበትን ዘመን ሰው አልረሳውም፤ መናፈሻው ግን ሲታይ ጥሩ ነው። የኮሪደር ልማት በሚሠራባት በዛሬዋ ጎንደር ያሉ ባለሙያዎች ቢያዩት ደስ ይለኛል።

የመንገድ ዳር ማረፊያው ንጹሕ ነው፤ ሽንት ቤቱ ይሠራል፣ ውኃው ይፈስሳል፣ ገንዘብ አይጠየቅም። ነገር ግን በኢንተርስቴት ማረፊያ ላይ ንግድ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ስለሆነ ዳባት ላይ ቆመን የምንጠጣት ቡና፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ የምትጠበስ በቆሎ የለችም። ምግብ የፈለገ ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ ከተማ ይገባል። ማረፊያውን ከአምስት ብመዝነው፣ ለዚህ ሁለት ነጥብ እቀንስበታለሁ።

ስለ እንስሳትም አንድ ቃል። ከሲልቨርቶርን ወደ ክሬምሊንግ በሚሄደው ስቴት ሃይዌይ 9 ላይ ለአጋዘንና ለመሰሎቹ ብቻ ሁለት የላይ ድልድይና አምስት የታች መሿለኪያ ተሠርቷል፤ ሥራው በ2016 ካለቀ ወዲህ ከዱር እንስሳ ጋር የሚደርሰው ግጭት በእጅጉ ቀንሷል። በእኛ በኩል ከአህያና ከፍየል ጋር የምንሟገት ሹፌሮች ስንሰማው ሊያስቀን ይችላል፤ ሌሊት በሙሉ ፍጥነት ከሚሮጥ አጋዘን ጋር መጋጨት ግን ለሹፌሩም የሞት ጉዳይ ነው።

ድፍረት ላለው ሰው የምመክረው በደቡብ ምዕራብ ከሲልቨርተን ወደ ዩሬይ የሚሄደውን ዩኤስ 550 ነው። በ1880ዎቹ ኦቶ ሚርስ የተባለ ሰው የማዕድን ሠራተኞችን አስከፍሎ ለማሳለፍ ባወጣው መንገድ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ከ3,300 ሜትር በላይ በሆነው በቀይ ተራራ መተላለፊያ ያልፋል። እዚህ ቦታ ኮሎራዶ ሊማሊሞን ትመስላለች፦ ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ ብዙ ቦታ ላይም የዳር መከላከያ ብረት የሌለው ገደል። ብረቱ ያልተተከለበት አንዱ ምክንያት በረዶ ጠራጊው መኪና በረዶውን ወደ ገደሉ መግፋት ስላለበት ነው። በመተላለፊያው ላይ በናዳ ለሞቱ በረዶ ጠራጊ ሹፌሮች መታሰቢያ ቆሟል፤ ቆሜ አንብቤዋለሁ፣ ሹፌር የሆነ ሰው ሁሉ ቆሞ ቢያነበው ይገባዋል። በዚህ መስመር ወደ ደቡብ የሚሄድ መኪና በገደሉ በኩል ስለሚሆን፣ ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ቢጓዝ ግድግዳውን ይዞ ያልፋል።

መንዳት ለማይችል ወላጅ ደግሞ መንገዱ ያለ ልጁ እርዳታ ከንቱ ነው ቢባል ትንሽ ነው የሚጋነነው፤ በአውራ ጎዳናው ላይ እጁን አንሥቶ የሚያሳፍረው ሚኒባስ የለም። ግዛቱ ራሱ ከ2015 ጀምሮ ባስታንግ የሚባሉ አውቶቡሶችን ያሠማራል፤ ከዴንቨር ዩኒየን ጣቢያ ተነሥተው በሰሜን ወደ ፎርት ኮሊንስ፣ በደቡብ ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ በምዕራብ በዋሻውና በግሌንውድ ካንየን አልፈው እስከ ግራንድ ጃንክሽን ይሄዳሉ። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ዩኒየን ጣቢያ ድረስም ባቡር አለ። ተራራውን ሹፌር ሳይሆኑ ማየት ለሚሹ፣ በተለይ ልጃቸው ሥራ ላይ ለሚውልባቸው፣ የምዕራቡን መስመር ጠዋት ይያዙ፤ ሲሄዱ በግራ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ ቢቀመጡ ከሸለቆው ወንዙን ያያሉ።